«ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም»፦ የተደራረበ ጥቃት በጤና ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በልጅነቴ ቤት ውስጥ ድብደባና ስድብ ነበር። ትንሽ ከፍ ስል ደግሞ አንድ ዘመድ ያለ ፈቃዴ ይነካካኝ ነበር። ትዳር ከያዝኩ 7 ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ደመወዜን ይወስዳል፣ ስልኬን ይፈትሻል፣ አልፎ አልፎም ይመታኛል። ከሁለት ወር በፊት አንገቴን አንቆኝ ነበር። ራሴን ያመኛል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ነገር እረሳለሁ። ብዙ ቦታ ተመርምሬ ‹ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ነው› ተብያለሁ። ይህ ሁሉ ከደረሰብኝ ነገር ጋር ይያያዛል? ለሐኪም ምን ብዬ ልናገር? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ስልክዎ እንደሚፈተሽ ስለነገሩን፣ ይህን ጽሑፍ ከተቻለ ባለቤትዎ በማያገኙት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ያንብቡት። በራስዎ ስልክ ከሆነ ደግሞ አንብበው ሲጨርሱ ይህን ገጽ ብቻ ከፍለጋ ታሪክዎ ያውጡት። ታሪኩ በሙሉ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሣል።

ከራስ ምታቱም ከሆድ ቁርጠቱም በፊት ስለ አንገትዎ መናገር አለብኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት መታነቅ ከዘረዘሯቸው ሁሉ አስቸኳዩ ነው።

በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ሁለት ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። እነዚህ ሲጨመቁ ሰው በ10 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ያን ያህል ጉልበትም አይጠይቅም። ቆዳ ላይ ምልክት አለመኖሩ ምንም አያረጋግጥም። ታንቀው ከተረፉት ሰዎች ግማሽ በሚሆኑት ላይ በዓይን የሚታይ ሰንበርም ሆነ ጭረት አይገኝም። የሚያሰጋው ውስጡ ነው። የደም ሥሩ የውስጥ ሽፋን ይሰነጠቅና በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ተነሥቶ ወደ አንጎል በመሄድ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅዎ ከተለወጠ፣ ምግብ ሲውጡ ከተቸገሩ፣ በአንድ በኩል ያለ የአንገት ወይም የራስ ሕመም ከጀመረዎ፣ አንደኛው የዓይን ቆብዎ ከወረደ፣ ዓይንዎ ከደበዘዘ፣ እጅ ወይም እግርዎ ከዛለ፣ ምላስዎ ከተሳሰረ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከእነዚህ አንዱም ባይኖር እንኳ በመጀመሪያው ቀጠሮ «ከሁለት ወር በፊት አንገቴን ታንቄ ነበር» ብለው በግልጽ ይናገሩ። በወቅቱ ራስዎን ስተው እንደነበር፣ ሽንት አምልጦዎት እንደነበር፣ ዓይንዎ ጨልሞ እንደነበርም ይጨምሩ። ሐኪሙ የአንገት የደም ሥሮችን የሚያሳይ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ የተባለ የምስል ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው በዚህ መረጃ ነው። ሳይነገረው ግን ለራስ ምታት በሚያዝዘው ተራ የደም ምርመራ ይህን ሊያገኘው አይችልም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በትዳር ወይም በፍቅር አጋሯ አንድ ጊዜ የታነቀች ሴት በዚያው ሰው የመገደል ዕድሏ ካልታነቀች ተጠቂ ጋር ሲነጻጸር 7 እጥፍ ያህል ነው። ይህን የምነግርዎ ላስፈራዎ አይደለም። ከዚህ በታች ስለ ደኅንነት የምጽፈውን እንደ ተጨማሪ ምክር እንዳያዩትና ከሕክምናው እኩል ቦታ እንዲሰጡት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። አዎ፣ ይያያዛል። የሚያያዝበት መንገድም በሚገባ የተጠና ነው።

ብዙ ሰው ጉዳትን የሚለካው በአንዱ በከፋው ቀን ነው፤ «ያን ያህል የከፋ አልደረሰብኝም» ብለው ታሪካቸውን የሚያሳንሱ ብዙዎች ናቸው። ጤናን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የጥቃቱ ዓይነት መብዛትና ሰውየው የሚያርፍበት አስተማማኝ ቦታ ማጣቱ ነው። ተመራማሪው ዴቪድ ፊንክልሆርና ባልደረቦቻቸው በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ የተለያየ ዓይነት ጥቃት የተደራረበባቸው ልጆች አንድ ዓይነት ጥቃት ደጋግሞ ከደረሰባቸው ልጆች የባሰ የሥነ ልቦና ጉዳት ታይቶባቸዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአባቱ የሚመታ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሰላም ከሆነ ቢያንስ የቀኑን ግማሽ ሰውነቱ ያርፋል። ቤቱም ዘመዱም መንገዱም የሚያስፈራው ልጅ ግን የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። በእርስዎም ታሪክ የምናየው ይህንኑ ነው፤ ድብደባ፣ ስድብ፣ የልጅነት ወሲባዊ ጥቃት፣ በገንዘብና በስልክ መቆጣጠር፣ መታነቅ። እነዚህን አምስት የተለያዩ ችግሮች አድርገው አይያዟቸው። ለሰውነትዎ ሁሉም በአንድ ላይ የተቆለሉ አንድ ሸክም ናቸው።

ሸክሙ እንዲህ ይሠራል። አደጋ ሲመጣ አንጎል አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት የውጥረት ሆርሞኖች እንዲለቀቁ ያዝዛል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ የምግብ መፈጨት ይገታል፣ ስኳር ወደ ደም ይወጣል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። አደጋው በየጊዜው የሚመላለስ ከሆነ ግን ሥርዓቱ መመለሱን ያቆማል። በአንዳንዱ ሰው ኮርቲሶል ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ በሌላው፣ በተለይ ለዓመታት በቆየ ጥቃት፣ ከልክ በታች ይወርዳል። በሁለቱም መንገድ የሰውነት ብግነት (የውስጥ መቆጣት) ይጨምራል፣ የደም ግፊትና የስኳር ቁጥጥር ይዛባል፣ ሕመምን የሚያስተላልፉት ነርቮችም ትንሹን ስሜት ሳይቀር አጉልተው ወደ አንጎል መላክ ይጀምራሉ። ይህን የተጠራቀመ ድካም ብሩስ ማክዩን የተባሉ ተመራማሪ ለረጅም ዘመን አጥንተውታል። የተለመደው የደም፣ የሽንትና የአልትራሳውንድ ምርመራ የሚፈልገው የተበላሸ አካል ነው፤ አሠራሩ የተዛባ ሥርዓትን አያሳይም። «ምንም የለብሽም» የተባሉት ለዚህ ነው። ትክክለኛው አባባል «በእነዚህ ምርመራዎች የሚታይ ነገር አላገኘንም» ነበር።

በቁጥርም ይታያል። በ1998 ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ባሳተሙት ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት፣ በልጅነታቸው 4 እና ከዚያ በላይ ዓይነት መከራ ያዩ አዋቂዎች ምንም ካላዩት ጋር ሲነጻጸሩ ለአልኮል ሱስ፣ ለአደንዛዥ ዕፅ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ነበር። በ2017 የታተመና 37 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ደግሞ ለልብ፣ ለመተንፈሻ አካላትና ለካንሰር ሕመም ተጋላጭነቱ ከ2 እስከ 3 እጥፍ እንደሚደርስ አሳይቷል። በአዋቂነት የሚደርሰው ጥቃት በዚህ ላይ ይጨመራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው ሪፖርት አጋራቸው ጥቃት ያደረሰባቸው ሴቶች በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እነዚህ ቁጥሮች የብዙ ሰው አማካይ ናቸው፤ የአንድ ሰው ዕጣ አይደሉም። በየቦታው «የልጅነት መከራ ነጥብዎን ያስሉ» የሚሉ መጠይቆች ይዘዋወራሉ። ዶክተር አንዳ ራሳቸው ከሌሎች ጋር በ2020 በጻፉት ጽሑፍ ነጥቡ የአንድን ግለሰብ የወደፊት ጤና ለመተንበይ እንደማይሆን አስጠንቅቀዋል። ነጥብዎን አስልተው አይፍሩ።

ወደ ምልክቶችዎ ስንመጣ፣ የራስ ምታቱ ከአንድ በላይ ምንጭ ሊኖረው ይችላል፤ የአንገቱ ጉዳት፣ ጭንቅላት ላይ ያረፈ ምት፣ ሁልጊዜ የተወጠረ የትከሻና የመንጋጋ ጡንቻ፣ የእንቅልፍ እጦት። አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ምክንያትም አለ፤ ማስታገሻው ራሱ። እንደ ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኮዴይን ወይም ካፌይን የተቀላቀለባቸውን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ መውሰድ በራሱ የማያቋርጥ ራስ ምታት ያመጣል። ስንት ቀን እንደወሰዱ ቆጥረው ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሆድ ቁርጠቱ በአንጀትና በአንጎል መካከል ባለው የነርቭ ግንኙነት መዛባት የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ጥቃት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል። ያም ሆኖ ሁሉንም ነገር በጥቃቱ ማሳበብ ሌላው ስሕተት ነው። ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሙሉ ምርመራ ያስፈልጋል። ድካምና መርሳት ካለም የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ መደረጉን ያረጋግጡ። ታሪክዎን ሰምቶ «እንግዲያው ሌላ ምርመራ አያስፈልግም» የሚል ሐኪም፣ ታሪክዎን ሳይሰማ «ምንም የለብሽም» ካለው የተሻለ አልሠራም።

መርሳቱ ብዙዎችን «እያበድኩ ነው?» ያሰኛል። አይደለም። አዲስ ነገር የሚመዘግበው የአንጎል ክፍል፣ ሂፖካምፐስ፣ በተራዘመ ውጥረት አሠራሩ ይዳከማል። የቀረውን ትኩረት ደግሞ አደጋን መጠበቅ ይወስደዋል፤ በሩ ሲንኳኳ፣ የመኪና ድምፅ ሲሰማ፣ የባለቤትዎን ፊት ሲያነቡ። በዚያ ላይ እንቅልፍ ከሌለ ትዝታ አይጸናም። በጥቃት ጊዜ «ከሰውነቴ ወጥቼ ከሩቅ የማየው ይመስለኛል» የሚሉም አሉ፤ በእነዚያ ደቂቃዎች የሆነው ተቆራርጦ ብቻ መታወሱ የሚጠበቅ ነው እንጂ የመዋሸት ምልክት አይደለም። ጭንቅላትዎ ተመትቶ ከነበረ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ራስዎን ስተው እንደነበርም ይናገሩ፤ የተደጋገመ የአንጎል ግጭት በራሱ የሚያስረሳ ጉዳት ነው።

ለሐኪም ምን እንደሚሉ ጠይቀዋል። ሙሉ ታሪክዎን በመጀመሪያው ቀን መተረክ አይጠበቅብዎትም። ይህች ትበቃለች፦ «ቤት ውስጥ ጥቃት ይደርስብኛል፣ በልጅነቴም ደርሶብኛል፣ ከሁለት ወር በፊት ታንቄ ነበር። ሕመሜን ከዚህ ጋር አያይዘው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ።» ከመናገርዎ በፊት ሁለት ነገር ያስቀድሙ። አንደኛ፣ ብቻዎን ይሁኑ። ባለቤትዎ አብረው ከገቡ ለነርሷ «ለብቻዬ መታየት እፈልጋለሁ» ይበሏት ወይም የሽንት ናሙና ሊሰጡ ሲወጡ በጆሮዋ ይንገሯት። ቋንቋ የሚያስተረጉም ሰው ካስፈለገም ከቤተሰብ አይሁን። ሁለተኛ፣ «የምነግርዎን ለፖሊስ ወይም ለሌላ አካል የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት?» ብለው ይጠይቁ። ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፤ መልሱን ሳያውቁ ተናግረው መደንገጥ የለብዎትም።

የምርመራ አልጋው ላይ መውጣት፣ በተለይ የማህፀንና የጥርስ ምርመራ፣ የድሮውን ጥቃት ሊቀሰቅስ ይችላል። ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት የሚያደርገውን እንዲነግርዎ፣ እጅዎን ሲያነሡ እንዲያቆም፣ የሚያምኑት ሰው አብሮዎ እንዲቆም መጠየቅ መብትዎ ነው። ጥሩ ሐኪም ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ የሚያስፈልግዎን ይጠይቃል፤ «ይህ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ይላል፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ምን ሊገጥምዎ እንደሚችል ያስባል፤ ከሌላ ድጋፍ ጋር ያገናኛል። «ለምን ዝም አልሽ?» ወይም «ለትዳርሽ ስትይ ታገሺ» ካለዎት ሌላ ሐኪም ይፈልጉ። ጉዳትዎ በካርድዎ ላይ እንዲመዘገብም ይጠይቁ፤ ቀኑ፣ በራስዎ ቃል የተናገሩት፣ ቁስሉ የት ቦታ ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ፣ ከተቻለ በሰውነት ሥዕል ላይ ምልክት ተደርጎ። ዛሬ ክስ ባያስቡም ነገ የሚያስፈልግዎ ማስረጃ ይሄ ነው። የካርዱን ቅጂ ግን ቤት አያስቀምጡ።

ስላልጻፉት አንድ ነገርም ላንሣ። በትዳር ውስጥም ቢሆን ያለ ፈቃድ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጥቃት ነው፤ በተለይም ማነቅና መቆጣጠር ባለበት ቤት አብሮ ይገኛል። በቅርቡ ደርሶብዎ ከሆነ ወይም ወደፊት ከደረሰብዎ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል፤ ለ28 ቀን ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ሌቮኖርጀስትረል የተባለው ክኒን 1.5 ሚሊ ግራም በአንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ቀናቱ እየገፉ ሲሄዱ ግን አቅሙ ስለሚደክም ከ3 ቀን በኋላ ዩሊፕሪስታል የተባለው ክኒን 30 ሚሊ ግራም ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ይመረጣል። የአባላዘር በሽታዎች ሕክምናና የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም አብረው ይታያሉ። ማስረጃ እንዲሰበሰብ ከፈለጉ ከመታጠብዎ በፊት ይሂዱ፤ ታጥበው ከሆነም መሄዱን አይተዉት።

ደኅንነትዎን በተመለከተ፣ «ለምን አትወጪም?» የሚሉ ሰዎች የማያውቁት ነገር አለ። በጣም አደገኛው ጊዜ ሴቲቱ የምትወጣበትና ከወጣች በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። ስለዚህ መውጣት ካሰቡ ዕቅዱን በንዴት ሰዓት ለባለቤትዎ አይንገሩ፤ በእንዲህ ዓይነት ጥቃት ላይ ልምድ ካለው ድርጅት ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር አብረው ያውጡት። እስከዚያው መታወቂያዎ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ሰነድ፣ የሚወስዱት መድኃኒትና ጥቂት ገንዘብ በሚያምኑት ሰው ቤት ይቀመጡ። ከአንድ ጎረቤት ወይም ዘመድ ጋር በስልክ ሲናገሩት «ፖሊስ ጥሪ» የሚል ትርጉም ያለው ተራ የሚመስል ቃል ይስማሙ። ጠብ ሲጀመር ቢላ ካለበት ወጥ ቤትና መውጫ ከሌለው መታጠቢያ ቤት ይራቁ። ስልክዎ ያሉበትን ቦታ ለሌላ ሰው ያሳይ እንደሆነ ይፈትሹ፤ የሚያሳይ ከሆነ ግን ወዲያው አያጥፉት፤ መጥፋቱን ባለቤትዎ ያውቃሉ። አዲስ ኢሜይልና የይለፍ ቃል በሌላ ስልክ ይክፈቱ። ድብደባው ከተደጋገመ፣ «እገድልሻለሁ» ማለት ከተጀመረ፣ በእጃቸው መሣሪያ ከገባ ወይም ነፍሰ ጡር ሆነው ከተመቱ ዕቅዱን ያፋጥኑት።

ባልና ሚስት አብረው የሚቀመጡበት የጋብቻ ምክር በዚህ ሁኔታ አይመከርም። በክፍሉ ውስጥ የተናገሩት እውነት ማታ ቤት ሲደርሱ ሊያስመታዎ ይችላል።

የሥነ ልቦና ሕክምናው ቅደም ተከተል አለው። አደጋው እየቀጠለ ሳለ የድሮውን ትዝታ መቆፈር የእንቅልፍ ችግርን ሊያባብስ ይችላል፤ ሰውም ሕክምናውን አቋርጦ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ደኅንነት፣ እንቅልፍና ድንጋጤ ሲመጣ ራስን ማረጋጋት ላይ ነው። ለምሳሌ ድሮ የሆነው ድንገት አሁን የሚሆን መስሎ ሲመጣብዎ እግርዎን ከወለሉ ጋር ጠበቅ አድርገው ያሳርፉ፣ በዙሪያዎ የሚያዩዋቸውን አምስት ነገሮች በስም ይጥሩ፣ የዛሬን ቀንና ያሉበትን ቦታ ድምፅ አውጥተው ይናገሩ፣ ከሚያስገቡት አየር ረዘም አድርገው ያስወጡ። ጥቂት ከተረጋጉ በኋላ በአደጋ ትዝታ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምና ወይም ኢኤምዲአር የሚባለው፣ ዓይንን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ትዝታውን የማስታወስ ዘዴ ይመጣል። ለአንድ ነጠላ አደጋ ከ8 እስከ 12 ክፍለ ጊዜ ሊበቃ ይችላል፤ ለተደራረበ ጥቃት ግን ከዚያ ይረዝማል፤ መርዘሙ የመክሸፍ ምልክት አይደለም። ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ለዚህ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶታል፤ ውስብስብ ድኅረ አደጋ ሰቀቀን። ቅዠት፣ መሸሽና ሁልጊዜ መደንገጥ ላይ ስሜትን መቆጣጠር መቸገር፣ ራስን እንደ ከንቱ ማየትና ሰው መቅረብ አለመቻል ሲጨመሩ ነው። ምልክቱ ይህ መሆን አለመሆኑን ባለሙያውን ይጠይቁት።

ከመድኃኒት ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ለድኅረ አደጋ ሰቀቀን በሚገባ የተፈተኑ ናቸው፤ ውጤታቸው የሚታየው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት አይቆሙም። ለእንቅልፍ ተብሎ በቀላሉ የሚታዘዙት ዳያዜፓምና መሰል ማረጋጊያዎች ግን ለዚህ አይመከሩም፤ ሱስ ያስይዛሉ፣ ማገገምንም ያዘገያሉ፣ አደጋ ሲመጣም ከእንቅልፍ እንዳይነሡ ያደርጋሉ። አልኮልም እንዲሁ ነው።

የመሞት ሐሳብ ከመጣብዎ፣ በተለይ እንዴት እንደሚያደርጉት ማሰብ ከጀመሩ፣ ያኔውኑ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩና አብረው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በመናገር ሐሳቡ አይባባስም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ለአንገትዎ ሐኪም ይዩ፤ በዚያው ቀጠሮ ከላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። በቀጣዩ ሳምንት ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር የደኅንነት ዕቅድ ያውጡ፤ የራስ ምታቱን ቀኖችና የወሰዱትን ማስታገሻ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ወረቀቱን በሥራ ቦታዎ ያስቀምጡት። ከ4 ሳምንት በኋላ ለተመሳሳዩ ሐኪም ሁለተኛ ቀጠሮ ይያዙ። ሐኪም በተቀያየረ ቁጥር ታሪክዎን እንደ አዲስ መጀመር አለብዎት፤ የአንድ ሐኪም ክትትል ግን ራስ ምታቱን፣ ሆዱን፣ እንቅልፉንና መርሳቱን አንድ ላይ ለማየት ያስችላል።